ለሀዋሳ ሳይክል ነጂ ቁጥር ያለው ጥቁር መነጽር

ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው ሰፊ ጎዳና ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሳይክል የሚነዳ ሰው ጀምበሯን ፊት ለፊት ይጋፈጣታል። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነውና ፀሐይዋ ስትወርድ አንዴ ከሰማይ፣ አንዴ ከውኃው እየነጠረች ዓይን ትወጋለች። በዚህ ሰዓት መንገድ ዳር ቆም ብሎ ነጂዎቹን የተመለከተ ሦስት ዓይነት ሰው ያያል። አንዱ በግራ እጁ መሪውን ይዞ በቀኝ እጁ ግንባሩን ይጋርዳል። ሌላው ከሱቅ በደረቴ የገዛውን ጥቁር መነጽር አድርጎ ዘና ብሎ ይነዳል። ሦስተኛውም እንዲሁ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ሐኪም ያዘዘለት መነጽር ግን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። ነገራችን ከዚህ ከሦስተኛው ሰው ጋር ነው።

የሰውየው የዓይን ቁጥር ማይነስ ሁለት ነው እንበል። ማይነስ የሆነ ዓይን ያለ መነጽር እስከ ምን ያህል ርቀት አጥርቶ እንደሚያይ ለማወቅ አንድ ሜትርን ለቁጥሩ ማካፈል ይበቃል። ማይነስ አንድ እስከ አንድ ሜትር፣ ማይነስ ሁለት እስከ ግማሽ ሜትር፣ ማይነስ አራት እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያያል። ቀጥ ብሎ ኮርቻው ላይ የተቀመጠ ነጂ ደግሞ ከዓይኑ እስከ መሪው ያለው ርቀት ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ይህ ሰው ቁጥሩን ኪሱ ከትቶ ሲነዳ የገዛ ፍሬኑ እንኳ አጥርቶ ከሚያይበት ድንበር ውጭ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በየሰከንዱ አምስት ሜትር ተኩል ይጓዛል። ድንገት የሚታጠፈው ባጃጅ፣ ክዳኑ የጠፋው የጎርፍ ጉድጓድ፣ ኳስ ተከትሎ የሚሮጠው ሕፃን ሁሉም የሚመጡበት ከጭጋግ ውስጥ ነው።

ቁጥሩን አድርጎ ፀሐዩን የሚችለውም ቢሆን አልተመቸውም። ዓይኑን ጨፍኖ ከፈት፣ ጨፍኖ ከፈት እያደረገ ነው የሚነዳው። ሁለቱን ችግር በአንድ ሌንስ መፍታት ይቻላል፤ ቁጥሩ ያለበት ጥቁር ሌንስ ማዘዝ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው እንደ ስፖርተኛ ቅንጦት ስለሆነ ጠይቆም አያውቅም። ሀዋሳን በመሰለች ከተማ ግን እንዲህ ያለው መነጽር ከሳይክሉ ፍሬን ተለይቶ የሚታይ ዕቃ አይደለም። ገንዘቡ ለፍሬም ውበትና ለስም ካልባከነ፣ ለትክክለኛ ልኬትና ለሌንሱ ጥራት ከዋለ ደግሞ ከሚገመተው በታች ያስወጣል።

ሀዋሳ የሳይክል ከተማ ናት ሲባል ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሜዳ ናት። ታቦር ተራራን ልውጣ ካላለ በቀር ነጂን ከኮርቻው የሚያስወርድ ዳገት ብዙም የላትም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ አናጺው፣ የቢሮ ሠራተኛው በሳይክል ሲመላለስ ኖሯል። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የሳይክሉ ሰልፍ ቢሳሳም ልማዱ አልጠፋም። አገሪቱም በ2012 ዓ.ም. የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ በየከተማው የተያያዘው የኮሪደር ልማትም የእግረኛና የሳይክል መስመር ይዞ እየመጣ ነው። መስመሩ መሰመሩ መልካም ነው። በመስመሩ ላይ የሚሄደው ሰው መስመሩን ያየዋል ወይ የሚለውን ግን እስካሁን የጠየቀ ያለ አይመስልም። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ዓይኑን ይመረመራል፤ ሳይክል ለመንዳት ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ፈቃድ ይኑር ለማለት አይደለም፤ እግዜር ያውጣን ከዚያ።

ስለ ፀሐዩም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የሀዋሳ ቀትር ከጠረፍ ቆላ ቀትር ቀዝቀዝ ቢልም ጨረሩ ይበረታል፤ ሙቀት የጨረር መለኪያ አይደለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ክፉ ሰዓቱ ነው። ስስ ደመናም ብዙ አያግደውም። ዓመታት እየተጠራቀመ ሲሄድ ለዓይን ሞራ አንዱ መንስኤ ይሆናል። በዓይን ነጭ ላይ በቅሎ ወደ ብሌኑ የሚሳበውንና ሰው «የዓይን ሥጋ» የሚለውንም ያመጣል፤ ይኸኛው ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ በሚበዛበት ቦታ ውጭ የሚውል ሰው ላይ ይበረታል። ሳይክል ነጂ ሦስቱንም በአንድ ላይ ፊቱን ሰጥቶ የሚቀበል ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሐይቁ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ውኃ አልትራቫዮሌትን መልሶ የሚያንጸባርቀው ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ደረቅ አሸዋ 15 በመቶ፣ አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ። በምሽት ከሐይቁ ላይ ዓይን የሚወጋው በአመዛኙ ተራው ብርሃን ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኑ በውኃው ላይ ጋደም ብሎ ስለሚያርፍ አብዛኛው ተመልሶ ይነጥራል። የሚታየው ብርሃን ነጂውን ለዚያች ቅጽበት ያሳውራል፤ የማይታየው ጨረር ቀስ ብሎ ዓመት እየቆጠረ ይጎዳል። ጥሩ መነጽር ሁለቱንም መከልከል አለበት። በሌንሱ መጥቆር ብቻ የሚከለከለው ግን የመጀመሪያው ነው።

የዓይን ቁጥር የጥቂት ሰዎች ጉዳይ የሚመስለው ካለ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደውን አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ያስታውስ። ጥናቱ ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። በእነዚህ በሁለተኞቹ ዘንድ ከሦስት ሰዎች የአንዱ፣ ትክክለኛው አኃዝ 33.4 በመቶ ነው፣ ችግር በመነጽር የሚስተካከል የዕይታ ጉድለት ነበር። ቀዶ ሕክምና አልፈለገም፣ መድኃኒት አልፈለገም፤ የፈለገው መነጽር ብቻ ነው። በዓለም ደረጃም በዚሁ ጉድለት ምክንያት የሩቁ ከተሰወረባቸው ሰዎች የሚስማማቸውን መነጽር ያገኙት 36 በመቶዎቹ ብቻ እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታውቃል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ይህን ለማሻሻል አንድ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ጀምሯል። ሀዋሳ ውስጥ መጀመሪያውኑ መነጽር የማግኘት ዕድል የገጠመው ሰው ያንኑ መነጽር በፀሐይ ምክንያት ኪሱ ሲከት ማየት የሚያስቆጨው ለዚህ ነው።

የሳይክል ስፖርትን ይህ ችግር ድሮ ገጥሞታል። ፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ በቀጭን ሽቦ ፍሬም የተያዘ ተራ የሐኪም መነጽር ነበር ያደረገው። በዚሁ መነጽሩም «ፕሮፌሰሩ» የሚል ስም ወጣለት። ሆላንዳዊው ያን ያንሰንም ይህንኑ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሸነፈው መነጽር አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1989 ፓሪስ ላይ በተጠናቀቀው ውድድር ፊኞን በአሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ በስምንት ሰከንድ ብቻ ተቀደመ። ለሞንድ ግንባርና ጉንጭ የሚሸፍነውን የኦክሌይ ጥቁር ጋሻ የመሰለ መነጽር አድርጎ ነበር። በዚያ ዘመን የተጀመረው ፋሽን ይኸው እስከ ዛሬ ዘልቆ፣ የሳይክል መነጽር ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ የሚሄደው ፊትን ወደሚጠመጥመው ባለቀለም ጋሻ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ውድድር የተሰለፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ ሲጋልብ፣ በቴሌቪዥን የታየው መነጽር ይኸው ነው። የሀዋሳ ወጣትም ያንኑ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያ መነጽር የተሠራው ከተራራ ቁልቁል በሰዓት 70 እና 80 ኪሎ ሜትር ለሚወረወር ሰው ነው። ከአቶቴ ወደ ፒያሳ በ15 እና በ20 ለሚሄድ ሰው ነፋሱ ያን ያህል አይከፋም። ቁጥር ላለው ሰው ደግሞ የጋሻው ቅርጽ ራሱ ጣጣ ያመጣል። ሌንሱ ፊትን ተከትሎ ሲጎብጥና ወደ ጎን ሲያዘነብል ዓይን በሌንሱ ውስጥ የሚያየው በሰያፍ ነው። በዚህ የተነሳ ሐኪሙ የጻፈው ቁጥርና ዓይን የሚያገኘው ቁጥር ይለያያሉ። ይህን አስልቶ ማካካስ የሚችሉ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች በዓለም ላይ አሉ፤ ዋጋቸው ግን እንደ ስማቸው ነው። ለብዙዎቹ የጋሻ ፍሬሞች የሚሰጠው ቁጥርም ከማይነስ አራት ወይም ከፕላስ አራት እምብዛም አያልፍም። ሌላው ዘዴ ከጋሻው በስተጀርባ ቁጥር ያለባት ትንሽ ፍሬም መሰካት ነው። ይህም ዓይን አጠገብ ሁለት ድርብ ሌንስ ስለሚያስቀምጥ ላብና እንፋሎት ያምቃል፤ ሽፋሽፍትም ይነካል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ፍርድ ጋሻው ይቅር የሚል ነው። ሰፋ ያለ፣ ፊት ላይ ጠበቅ የሚል፣ ብዙ የማይጎብጥ ተራ የፕላስቲክ ፍሬም ተመርጦ በውስጡ ቁጥር ያለው ጥቁር ሌንስ ቢገባበት ለከተማ ሳይክል ይበቃል፤ ይተርፋልም። መነጽሩ ወደ አፍንጫ እንዳይንሸራተት ከጆሮ በስተኋላ የሚያያዝ ማሰሪያ ቢጨመርበት እዳው ገብስ ነው።

የሌንሱ ነገር ግን ገብስ አይደለም። የመስታወት ሌንስ ለሳይክል አይሁን፤ ሲወድቁ የሚሰበረው ዓይን አጠገብ ነው። ተራው ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ ቀለምም በቀላሉ ይቀበላል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ደግሞ ጠጠር ቢመታው የማይሰነጠቅ ብርቱ ነው፤ አልትራቫዮሌትንም በተፈጥሮው ያግዳል፤ ጉድለቱ ቶሎ መጫሩ ነው። ዓይን ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደሆነ ቢኒያም ግርማይ ያውቀዋል። ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በጂሮ ዲ ኢታሊያ አንዱን ቀን አሸንፎ፣ በዚህም በታላላቆቹ የብዙ ቀናት ውድድሮች አንድ ቀን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆኖ፣ መድረክ ላይ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ሲከፍት ቡሹ ተስፈንጥሮ የግራ ዓይኑን መታው። በነጋታው ከውድድሩ ወጣ። ያን ሁሉ መቶ ኪሎ ሜትር ያለ አደጋ ጋልቦ፣ መነጽሩን ባወለቀበት ሰዓት!

የማጥቆሩ ሥራ እንዲህ ነው። ቁጥሩ የወጣለት ፕላስቲክ ሌንስ በሞቀ ቀለም ውስጥ ይነከራል። በቆየ ቁጥር ይጠቁራል፤ ባለሙያው እያወጣ እያየ የፈለገው ላይ ሲደርስ ያጥበዋል። ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር ይህ ቀለም ለብቻው አልትራቫዮሌትን እንደማያግድ ነው። ማገጃው ወይ ከሌንሱ ጥሬ ዕቃ፣ ወይ ለብቻው ከሚደረግ ሌላ ሥራ ይመጣል። ስለዚህ ሲያዙ ሁለቱንም ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምን ያህል ይጥቆር፣ እስከ 400 ናኖ ሜትር ያለውን ጨረርስ ያግዳል ወይ? ጥቁረቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከዜሮ እስከ አራት ተመድቧል። ሦስተኛው ምድብ ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ብቻ ያሳልፋል፤ ለሀዋሳ ቀትር የሚሆነው እሱ ነው። ጠዋትና ማታ ብቻ ለሚነዳ ሰው ሁለተኛው ይሻለዋል። አራተኛው ለበረዶ ተራራና ለመሳሰለው የተሠራ ሆኖ መኪና ሊነዱበት የተከለከለ ነው፤ ሳይክልም እንዲሁ ይከልከልበት። ከቀለም ግራጫና ቡኒ ይመረጣሉ። ሰማያዊና ወይን ጠጅ ለፎቶ ያምራሉ።

ሻጮች ሁለት ነገር ጨምረው ያቀርባሉ። አንደኛው ፀሐይ ሲመታው የሚጠቁር፣ ቤት ሲገቡ የሚነጣው ፎቶክሮሚክ ነው። «ሁለት በአንድ» እየተባለ ይሸጣል፤ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ሌንሱ ሙቀት ውስጥ እንደ ብርድ አገሩ አይጠቁርም። ከጠቆረ በኋላም ለመንጣት ደቂቃዎች ይፈልጋል። አንድ መነጽር ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ሰው ይሁን፤ በየካቲት ቀትር ግን ብዙ አይጠበቅበት። ሁለተኛው ፖላራይዝድ ነው። ከውኃና ከአስፋልት ጋደም ብሎ የሚነጥረውን ብርሃን ስለሚቆርጥ ለሐይቁ ዳር መንገድ ደስ ይላል። ጣጣው የአንዳንድ ስልክ ስክሪን በአንድ በኩል ሲያዩት ጭልም ማለቱ ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላም የረጠበው አስፋልት ብልጭታው ስለሚጠፋ የሚያዳልጠውን ቦታ መለየት ያስቸግራል። ገንዘብ ለተረፈው ሰው ነው። ኪሱ ለተመጠነው ግን ያ ገንዘብ ለትክክለኛ ምርመራ ቢውል ይመረጣል።

ለመሆኑ ከሱቅ በደረቴው የሚገዛው መነጽርስ?

«ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ዩቪ አለው።»

«በምን አወቅህ የኔ ወንድም?»

«ይኸው፣ ተለጥፎበታል!»

ልጁ አልዋሸም፤ ተለጥፎበታል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ጨረር አያግድም ማለትም ስህተት ነው፤ ብዙው ፕላስቲክ የተወሰነውን ያግዳል። ችግሩ በዓይን አይቶ መለየት አለመቻሉ ነው። ጠቁሮ ጨረር የማያግድ ሌንስ ከነጭራሹ ካለማድረግ ሊብስ ይችላል፤ ብሌን በጨለማው ምክንያት ስለሚሰፋ ጨረሩ በሰፊ በር ይገባል። ግምታዊ ፈተና አለ። ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ሐምራዊ መብራት በብዙ ሱቅ ይገኛል። ነጭ የኮምፒውተር ወረቀት በዚህ መብራት ስር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ብርሃኑ በሌንሱ ውስጥ አልፎ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ማብራቱ ከጠፋ ሌንሱ ከጨረሩ ብዙውን ያግዳል ማለት ነው። ሌላም ፈተና አለ፤ መነጽሩን ክንድ ሙሉ አርቆ ይዞ፣ በአንዱ ሌንስ የበር ጠርዝ እያዩ በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ ማንቀሳቀስ ነው። ቁጥር የሌለው ደህና ሌንስ ከሆነ ጠርዙ ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ከተወላገደ ወይም ከተውለበለበ ያ መነጽር ራስ ያስመታል፤ ዋጋው ስንትም ቢሆን ተመልሶ ይቀመጥ።

ቁጥር ላለው ሰው ትልቁ ነገር ግን ልኬቱ ነው። ጫማ ሳይለካ የማይገዛ ሰው የዓይን ሌንስ በዓይነ ግምት ሲያሠራ ይታያል። ዋናው የሚዘነጋው በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። የሌንሱ መካከል ከብሌኑ ትይዩ ካልዋለ ሌንሱ ብርሃኑን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ማይነስ አራት የሆነ ሌንስ መሐሉ በሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳት 1.2 የፕሪዝም ዲያፕተር ይፈጥራል፤ ለአንድ ዓይን እንዲህ ሲሆን ለሁለት እጥፍ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ይህን የሚችለው ሰው በኮብልስቶን ላይ እየተንገጫገጨ ሲነዳ ግንባሩን ያመዋል፤ ጥፋቱን ግን በፀሐዩ ያላክካል። ስለዚህ ገዢ ከምርመራ ቤቱ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር በወረቀት ይቀበል፤ የዓይን ቁጥሩንና ይህን ርቀት በሚሊ ሜትር። ወረቀቱ የእሱ ነው። ምርመራውን ከመነጽር ሽያጩ ጋር አስሮ «እኛ ጋ ካልገዛህ ቁጥሩን አንሰጥም» የሚል ሱቅ ካጋጠመው ሌላ ቤት ይሂድ።

ዕድሜው ከ40 ያለፈ ነጂ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ለሩቅም ለቅርብም የሚያገለግለው ባለሁለት መነጽር የታችኛው ክፍሉ ለንባብ የተሠራ ነው። ሳይክል ላይ ሆኖ ዝቅ ብሎ ከፊት ጎማው ቀድሞ ያለውን መንገድ ሲያይ የሚያየው በዚያ በንባቡ ሌንስ ነው፤ ጉድጓዱም ብዥ ይልበታል። ለሳይክል የሚታዘዘው የሩቁ ቁጥር ብቻ ነው፤ ጋዜጣው ቤት ይጠብቅ።

ሁለተኛ መነጽር የማሠራት አቅም ለሌለው ሰው በማግኔት የሚለጠፍ ጥቁር ሽፋን ያለው ፍሬም ጥሩ መላ ነው። ቁጥሩ ነጩ ሌንስ ላይ ይሆናል፤ ጥቁሩ ሽፋን ፀሐይ ሲወጣ ይለጠፋል፣ ቢሮ ሲገቡ ይነሳል። ዓይን አንድ ጊዜ ይለካል፣ ሌንስ አንድ ጊዜ ይሠራል። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ሌንስ ሁሉ የሚገዛበት ዶላር እጅግ ስለተወደደ ይህ ቁም ነገር ነው። በሽቦ ቀንጠብ ተደርጎ የሚንጠለጠለው የድሮው ሽፋን ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ኮብልስቶኑ ሲታጠፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ዓይን ውስጥ የሚገባውን ኮንታክት ሌንስ አድርጎ ተራ ጥቁር መነጽር መደረብም ይቻላል። የሀዋሳ አቧራ ግን ለኮንታክት ሌንስ አይመችም፤ በቧንቧም በሐይቅም ውኃ ፈጽሞ አይታጠብም፤ በውኃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ዓይን እስከማጥፋት የሚደርስ ቁስል ያመጣሉና።

ስለ አቧራው ሌላም አለ። የሀዋሳ ሐይቅና አካባቢው የተኛው በጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓድ ውስጥ ነው። አፈሩም ከአመድና ከዚያ እንደ ስፖንጅ ከተበሳሳ ቀላል ድንጋይ የተፈጨ ነው። ዓለም ይህን ድንጋይ ሸካራ ነገር ለመፈግፈግ ይጠቀምበታል። ከጥቁር ውሃ እስከ መናኸሪያ አቧራ ለብሶ የመጣን ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ ጥለት መጥረግ ማለት በዚሁ መፈግፈጊያ መሞረድ ነው። መጀመሪያ ውኃ ይፍሰስበት፣ በጣት ጫፍ ትንሽ ሳሙና ይነካ፣ ይታጠብ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይድረቅ። ሌንስ የተጫረ እንደሆነ ጀምበር ፊት ለፊት ስትመጣ እያንዳንዱ ጭረት ብርሃን ይበትናል። ያን ጊዜ መነጽሩ ከለላነቱ ቀርቶ ራሱ መጋረጃ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለገዢው ብቻ መተው ግን አይገባም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲሠለጥኑ የቆዩ ኦፕቶሜትሪስቶች በአገሪቱ አሉ። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የዓይን ሕክምና ይሰጣል። የጎደለው ሳይክል ነጂውንና ባለሙያውን የሚያገናኝ ቦታ ነው። ቦታው ደግሞ አለ፤ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ የተጀመረው ከመኪና ነፃ እሑድ። በዚያ ቀን ጎዳና ላይ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ሲደረግ ታይቷል። ዓይን ግን ተረስቷል። የሚያስፈልገው ስድስት ሜትር የተለካ ገመድ፣ አንድ የፊደል ሰሌዳ፣ አንድ ባለሙያና ወንበር ነው። ሰሌዳውን ማንበብ ያቃተው ሰው የሪፈራል ወረቀት ይዞ ይሄዳል። መነጽር ያለው ደግሞ መነጽሩን በሌንስ መለኪያ አስለክቶ፣ የተጻፈለት ቁጥርና የተሠራለት ቁጥር መግጠም አለመግጠሙን እዚያው ያውቃል። ለሳይክል ጥቁር ሌንስ የሚፈልግ ሰውም በሁለቱ ብሌኖቹ መካከል ያለው ርቀት በነፃ ይለካለታል፤ ከአንድ ማስመሪያና ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ፊደል ላልቆጠሩ አዛውንቶችና ገና ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆችም በአራት አቅጣጫ የሚዞር አንድ ምልክት ብቻ ያለበት ሰሌዳ አለ። ወዴት እንደሚያይ በጣት ማመልከት እንጂ ማንበብ አይጠይቅም። የከተማው ጤና መምሪያ ለዚህ አዲስ በጀት ማስፈቀድ አይኖርበትም፤ ወረፋውም ከደም ግፊቱ ወረፋ አይረዝምም።